የጋሹ ትከሻ

አልማዝ ነገሩን የሰማችው ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ የሽንኩርት ጆንያ ስትፈታ ነው። ጓሮ፣ ዕቃ ማጠቢያው ዘንድ፣ አስተናጋጇ ቅድስት ሳቋን እያፈነች ለወጥ ሠሪዋ ለውዱ ታወራላታለች። «ቅዳሜ ጎብዬ ሰርግ ሄጄ ማንን ባይ ጥሩ ነው? ጋሹን! የእትዬ አልማዝን ወንድም! መሐል ገብቶ ያንን ትከሻውን ሲያርገፈግፈው ብታዪ! ታመመ የሚባለው ትከሻ እኮ ነው። ሰዉ ያጨበጭብለታል፣ ሴቱ እልል ይልለታል።» ውዱ «አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ሰብስቢ፣ ትሰማሻለች» አለቻት፤ ብላም አልቀረች፣ ራሷም ከት ብላ ሳቀች።

አልማዝ የጆንያውን ገመድ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። የሳቁት በጋሹ ብቻ አልመሰላትም። በእሷም ነው የሳቁት፤ አንድ ጎልማሳ ከነሙሉ ጤናው ተቀምጦ ሲያታልላት፣ አራት ዓመት ቁርስ፣ ምሳና ራት እያቀረበች በኖረች ሞኝ ሴት። መጠርጠሩንስ ድሮም ጠርጥራ ነበር። ሰው ራጅ ተነስቶ «አጥንቱ ደህና ነው» ተብሎ እንዴት አራት ዓመት ይታመማል? እብጠት የለው፣ ቁስል የለው፣ ጠባሳ የለው። ጥርጣሬዋን ግን እስካሁን የምታስርበት ካስማ አጥታ ነበር። ቅድስት አሁን ካስማውን ተከለችላት።

ምግብ ቤቷ ቆቦ መናኸሪያ አጠገብ፣ አስፋልቱን ወደ መቀሌና ወደ ወልድያ የሚመላለሰው መኪና ሁሉ አቧራውን የሚያራግፍባት አንዲት ረዘም ያለች ክፍል ናት። ግድግዳዋ እስከ ወገቡ ሰማያዊ ዘይት ቀለም የተቀባ፣ ከዚያ በላይ ኖራ ነው። ጠዋት ጠዋት የአይሱዙ ሾፌሮች ፍርፍር ይበሉባታል፣ ምሳ ሰዓት ላይ ተጋቢኖው በሸክላው እየተንተከተከ ይቀርባል። ያን ሰሞን የበርበሬ ዋጋ ሰማይ ነክቶ ስለነበር የተጋቢኖውን ዋጋ ሁለት ብር ጨምራ ደንበኞቿ ሁሉ አኩርፈዋት ነበር። ጋሹ በሩ አጠገብ፣ ማንም የማይፈልጋት እግሯ የሚንቀጠቀጥ ጠረጴዛ ዘንድ ይቀመጣል። ሻዩን በግራ እጁ ያነሳል። ቀኝ እጁን ጭኑ ላይ ያስተኛታል፤ እንደ እንግዳ ሕፃን በስጋት ነው የሚይዛት። መንገዱን ያያል። ደንበኛ ሲያናግረው ይመልሳል፣ ሳያናግሩት አይናገርም። እህትና ወንድም በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ ከ«በላህ?» እና ከ«በላሁ» በቀር የሚባባሉት ካጡ ቆይተዋል።

የመጣው ዋጃ ላይ ሽንኩርት ሲጭኑ ከአይሱዙ ላይ ወድቆ ነው። የሸራውን ገመድ ሲጎትት ገመዱ ተበጥሶበት በትከሻው አስፋልቱ ላይ አረፈ። «ሳምንት አርፌ እሄዳለሁ፣ እታለም» ብሏት ነበር። ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ወሩ ዓመት ሆነ። ከጓሮ ያለችውን የለስላሳ ሣጥንና የሽንኩርት ጆንያ የሚቀመጥባትን መጋዘን አጸዳድታ ፍራሽ ዘረጋችለት። መጀመሪያ አዘነችለት። በኋላ ጎረቤቱ «ወንድምሽ እስካሁን አልተሻለውም?» ሲላት አፈረች። ከዚያ መጠርጠር ጀመረች፤ ጥርጣሬ ደግሞ አንዴ ደጅ ከረገጠ ቤት ሳይገባ አይመለስም። ማታ ማታ ከመጋዘኑ ኮሽታ ስትሰማ ተነስታ ጆሮዋን በሩ ላይ ትለጥፋለች፤ ለስላሳዋን እየከፈተ የሚጠጣባት ይመስላታል። በመጨረሻም ልትፈትነው ፈለገች። ውሃ ቀጂዋን ሴት አሰናበተችና «ጋሹ፣ ሰው አጥቻለሁ፣ ለጊዜው አንተ አምጣልኝ» አለችው። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ከቦኖው በጀሪካን ውሃ እያመጣ፣ እያነሳ ከፍ ብሎ ወደተቀመጠው በርሜል ይገለብጣል። እሷ በኩሽናው መስኮት ታየዋለች። ሲያነሳ ፊቱ ይጨማደዳል። ያነሳል ግን። ካነሳ ታዲያ ምኑን ታመመ?

እናም ያን ማክሰኞ ጠዋት፣ የሰርጉን ወሬ በሰማች በሰዓቱ፣ እጇን በጉርዷ ጠርጋ ወደ ደላላው ወደ ደሳለኝ ጠረጴዛ ሄደች። ደሳለኝ የጭነት መኪና ደላላ ነው፤ ቆቦ ውስጥ የማያውቀው ነገር የለም፣ የማያውቀውንም ያውቃል። ሰሞኑን ወሬው ሁሉ ስለ አንድ ማሽን ነበር። በየማክሰኞው አንዷለም የሚባል ወጣት ከደሴ በጥቁር ሻንጣ ይዞት ይመጣና ገበያው አጠገብ ካለው የግል ክሊኒክ ውስጥ ያክምበታል። ወረቀት ላይ የተጻፈው «ሾክዌቭ» ይላል። ሰዉ «ሾኩ» ነው የሚለው።

«ደሳለኝ፣ ያ ሾክ የምትሉት ነገር እንዴት ነው?»

«እሱን ተይው አልማዝዬ፣ ጉድ ነው» አለ ደሳለኝ፣ ጉርሻውን ሳይውጥ። «ኤሌክትሪክ ነው የሚሉ አሉ፣ ጥይት ነው የሚሉም አሉ። እንደ ሽጉጥ ይደግኑብሻል። እኔ የሰማሁት፣ የታመመ ሥጋ ላይ ሲያርፍ ያስጮኻል፣ ደህናው ላይ ሲያርፍ ግን ዝም ነው። ሐሰተኛ አይደበቀውም።»

ይህን ሲል ዓይኑ በሩ አጠገብ ወደተቀመጠው ጋሹ ሄዶ ተመለሰ። አልማዝ አየችው። የከተማው ሰው ሁሉ ያውቃል ማለት ነው። የቀረችው እሷ ብቻ ናት። ጋሹ ዘንድ ሄዳ፣ ፊቷን እንደ ሩኅሩኅ እህት አስተካክላ «ተነስ፣ ሐኪም ዘንድ እወስድሃለሁ» አለችው። ቀና ብሎ አያት። ከአራት ዓመት ወዲህ ስለ ትከሻው ጠይቃው አታውቅም። «ለምን?» አለ። «ለመዳን ነዋ!» አለችው። ሻዩን ጨረሰ፣ ብርጭቆውን በግራ እጁ አስቀመጠ፣ ተነሳ። ከዚያ በላይ አለመጠየቁ ደግሞ ሌላ ጥርጣሬ ጫረባት። እውነተኛ በሽተኛ ሐኪም ዘንድ ሲወስዱት ደስ አይለውም ወይ?

ክሊኒኩ መብራት ጠፍቶ ጠበቃቸው። መተላለፊያው ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ሞልቷል፤ ሙቀቱ ገና በጠዋቱ የሰው ልብስ ከገላ ጋር አጣብቋል። ጋሹ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። አልማዝ ሰዎች ጠጋ ጠጋ ብለውላት ከአንዲት ሴት አጠገብ ተቀመጠች፤ ራቢዓ ትባላለች፣ ገበያ ውስጥ የልብስ ነጋዴ ናት። አንድ እግሯን ከጫማዋ አውጥታ ተረከዟን ታሻሻለች።

«አንቺም ለሾኩ ነው?» አለቻት አልማዝ።

«ሦስተኛዬ ነው፣ እህቴ። ተረከዜ ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ሚስማር የረገጥኩ ያህል ነበር። አሁን አልሐምዱሊላህ፣ ሙሉ በሙሉ አልዳንኩም፣ ግን መሬት እረግጣለሁ።»

«ያማል?»

«ያማል እንጂ! ግንደ ቆርቁር ዛፍ ሲወቅር ሰምተሻል? እንደሱ ነው። የመጀመሪያ ቀን ቢስሚላህ ብዬ ገብቼ አልቅሼ ነው የወጣሁት።»

አልማዝ ሴትዮዋን ከላይ እስከ ታች አየቻት። ክሊኒኩ ደንበኛ እንድታማልል ያስቀመጣት ትሆን? እንዲህ ዓይነቱን ታውቃለች። ባለፈው ዓመት አንዱ የወገብ ቀበቶ እያዞረ ሲሸጥ «እኔ ድኛለሁ» የሚል ሰው አስከትሎ ነበር የሚዞረው። ለአንድ ጊዜ ሁለት መቶ ብር፣ ያውም ተመላልሶ ነው አሉ። በዚህ ብር ስንት ኪሎ በርበሬ እንደሚገዛ አሰበች። ግን ዛሬ የምትከፍለው ለሕክምና አልነበረም። እውነቱን ለመግዛት ነው፣ እውነት ደግሞ በዚህ ዋጋ ርካሽ ነው።

መብራቱ ሲመጣና ማራገቢያው ሲነሳ ሰዉ እልል ሊል ምንም አልቀረው። ራቢዓ ገብታ ወጣች። የጋሹ ተራ ሲደርስ አልማዝ «እኔ ቀድሜ ላናግረው፣ አንተ ቆይ» አለችና በሩን ከኋላዋ ገፋ አድርጋ ገባች። ክፍሉን ከመተላለፊያው የሚለየው ስስ ጣውላ ነው። አንዷለም ቀጭን፣ ፂሙን ያሳደገ ልጅ ነው፤ ጥቁሩ ሻንጣ ጠረጴዛ ላይ ተከፍቷል፣ ከውስጡ ሽቦ ያለው የፀጉር ማድረቂያ የሚመስል ነገር ተንጠልጥሏል።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ለብቻዬ ላስቸግርዎ።»

«ዶክተር አይደለሁም እትዬ፣ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ምን ልታዘዝ?»

ዶክተርም አይደለ! አልማዝ ይህንንም በልቧ ያዘች። ግን ከመጣች መጥታለች። «አሁን የሚገባው ወንድሜ ነው» አለች ዝቅ ብላ። «ትከሻዬን አመመኝ ብሎ ቤቴ ከተቀመጠ አራት ዓመቱ። ሰው ደግሞ ሲጨፍር አይቶታል። እውነት ታሞ እንደሆነ፣ ውሸቱንም ከሆነ፣ ለሱ ሳይሆን ለኔ ይንገሩኝ። ከፈለጉ በጥቅሻ።»

አንዷለም እጁን በሶፍት ሲጠርግ ቆየና «እትዬ፣ ይሄ ማሽን መርማሪ ፖሊስ አይደለም» አላት። «በአየር ግፊት ጅማትን የሚነርት ነገር ነው። የሚነግረኝን የምነግረው ደግሞ ለበሽተኛው ነው። እርስዎ መግባት ከፈለጉ እሱን እንጠይቀው።» ተናደደች። ቢሆንም በሩን ከፈተች። ጋሹ ጣውላው ዘንድ፣ ቅድም ከነበረበት ጠጋ ብሎ ቆሟል። «እህትህ ትግባ?» ሲለው አንዷለም፣ ጋሹ «ትግባ። ትይ» አለ።

ሸሚዙን ሲያወልቅ ቀኝ እጁን ከእጅጌው ለማውጣት ብዙ ጊዜ ፈጀበት። አልማዝ ይህንን ሲያደርግ አይታው አታውቅም፤ በልቧ «ያስመስል» አለች። አንዷለም ክንዱን ይዞ ወደ ጎን አነሳው፣ ወደ ኋላ አዞረው፣ «ግፋኝ፣ ልቀቅ፣ አሁን ግፋኝ» እያለ። ከዚያ ክሊኒኩ ነፍሰ ጡሮችን የሚያይበትን አልትራሳውንድ ከጥግ ጎትቶ አመጣ። ጋሹ ወደ ማሽኑ አይቶ «እርጉዝ ነኝ እንዴ?» አለ። አንዷለም ሳቀ። አልማዝም ሳታስበው ፈገግ አለችና ወዲያው ፊቷን መለሰች። ወንድሟ ቀልደኛ እንደነበር ረስታው ነበር።

«ይኸውልህ» አለ አንዷለም፣ በግራጫው ሥዕል ላይ ጣቱን እያሳየ። «ክንድህን ወደ ላይ የሚያነሳው ጅማት ይሄ ነው። ይቺ ነጯ ደግሞ እንደ ኖራ የሆነች ነገር ናት፣ ካልሲየም ነው፣ ጅማቱ ውስጥ ተጋግራለች። ክንድህን ከፍ ባደረግህ ቁጥር ከአጥንቱ ሥር እየገባች ትታሻለች። ያኔ ራጅ ያነሱህ ሰዎች ስብራት ነው የፈለጉት፤ ስብራት የለም፣ እውነታቸውን ነው።» ማሽኑን ወደ ጠርዙ አንቀሳቀሰ። «እዚህ ጋ ጠርዙ ተልጧል። ይሄ ግን የአራት ዓመት አይመስለኝም፣ የቅርብ ነው። ከራስህ በላይ የምታነሳው ከባድ ነገር አለ?»

አልማዝ አፏ ቀደማት። «ምንም አያነሳም» አለች።

ጋሹ ወደ እሷ አላየም። «ውሃ አነሳለሁ» አለ። «ጠዋት ጠዋት። በርሜል ውስጥ እገለብጣለሁ።»

«በዚህ ትከሻ? ማን ነው ያዘዘህ?»

«ማንም አላዘዘኝም። ቦዝኜ ከምቀመጥ ብዬ በራሴ ነው።»

አራት ዓመት ሙሉ የወንድሟን ውሸት ስታሳድድ ኖራለች። በዓይኗ በብረቱ የያዘችው የመጀመሪያ ውሸት ይህ ሆነ። የዋሸው ደግሞ ለእሷ ብሎ ነው። የምትቀመጥበትን ወንበር በእጇ ፈለገች፤ ወንበር አልነበረም፣ ቆማ ቀረች።

አንዷለም ትከሻውን ቅባት ቀባና ያንን ሽጉጥ መሳዩን ነገር ደገነበት። «ሲበዛብህ በግራ እጅህ ምልክት ስጠኝ፣ እቀንሰዋለሁ» አለው። ማሽኑ ጠጠጠጠ እያለ ተነሳ። ድምፁ ራቢዓ እንዳለችው ነው፤ ደረቅ ግንድ የሚወቅር ወፍ። ጋሹ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተከለ። አልጮኸም። አንዷለም ግፊቱን ጨመረ። አሁንም አልጮኸም። የደሳለኝ ነገር አልማዝ ጆሮ ውስጥ መጣ፤ «ደህናው ላይ ሲያርፍ ግን ዝም ነው።» ሥዕሉን በዓይኗ አይታ፣ ነጩን ነገር አይታ፣ አሁንም አንዲት የጥርጣሬ ክር ልቧ ውስጥ አልበጠስ አለች። እንዲህ ዓይነት ሰው ሆኛለሁ? ብላ ደነገጠች። ወዲያው ላቡን አየች። ከግንባሩ ተነስቶ በጆሮው ሥር ወደ አልጋው ይወርዳል። ግራ እጁ የአልጋውን ጠርዝ ብረት ጨብጦ ጣቶቹ ነጭ ሆነዋል። አንዷለምም አየው መሰል ማሽኑን አጠፋ።

«ወንድሜ፣ ምልክት ስጥ አላልኩህም? ለምን አትናገርም?»

ጋሹ ትንፋሹን ሰበሰበ። «ከጮህኩ አስመሰለ ይባላል» አለ።

አንዷለም ወደ አልማዝ አላየም፤ ባለማየቱ አመሰገነችው። ግፊቱን ዝቅ አድርጎ ጨረሰለት። ከዚያ እየጻፈ ሳይሆን እያስረዳ ነገረው፤ ዛሬ ማታ ሊብስበት እንደሚችል፣ ሕክምናውን እስኪጨርስ የሕመም ማስታገሻ መርፌ እንዳይወጋ፣ ከራሱ በላይ ምንም እንዳያነሳ፣ ግን ክንዱንም አስሮ እንዳያስቀምጠው፣ ጣቶቹን ግድግዳ ላይ እያስኬደ ቀስ በቀስ እንዲያላምደው። «ይድናል?» አለች አልማዝ። «ተስፋ አለው። ቃል ግን አልሰጥም» አለ አንዷለም። «ብዙ ሰው ይሻለዋል፣ የማይሻለውም አለ። በሚቀጥለው ማክሰኞ ይምጣ። መጀመሪያውኑ ቢመጣና ባይጫንበት እንዲህ ባልቆየ ነበር።» ሸሚዙን ሊያለብሰው ጠጋ አለ። አልማዝ እጇን ዘርግታ እጅጌውን ልትይዝለት ስትል ጋሹ ዘወር ብሎ በራሱ መንገድ፣ መጀመሪያ የታመመውን ክንድ አስገብቶ ለበሰ።

ሲወጡ ፀሐዩ አናት ላይ ነበር። የቆቦ ቀትር ሰውን ቤቱ ያስገባል፤ መንገዱ ላይ አንድ የአፋር ሰው ግመሎቹን ይዞ፣ ባጃጆቹም ከዛፍ ሥር ተኝተው ብቻ ይታያሉ። ጎን ለጎን ሄዱ። በመጨረሻ አልማዝ አፍ ላይ የመጣው የማይሆነው ጥያቄ ነበር።

«ጎብዬስ? ሰርጉ ላይ ጨፈርክ አሉ።»

«ጨፍሬያለሁ» አለ ጋሹ። «የአለሙ እህት ሰርግ ነው። አለሙን ታውቂዋለሽ፣ ዋጃ አብሮኝ ይጭን የነበረው። እጄን ይዞ ወደ መሐል ጎተተኝ። ሰዉ ሁሉ ያየኛል። ለአንድ ቀን ደህና ሰው መምሰል አማረኝ፣ እታለም። ከዚያ ወዲያ ሌሊቱን ሁሉ ቁጭ ብዬ ነው ያነጋሁት። እሱማ አዲስ አይደለም፣ ሲብስብኝ መተኛት አልችልም፣ መጋዘኑ ውስጥ እንጎራደዳለሁ።»

ኮሽታው። ጆሮዋን በሩ ላይ ለጥፋ የሰማችው ኮሽታ። አልማዝ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች።

«ጀሪካኑንስ?» አለች። «ካመመህ አሞኛል አትልም ነበር? ለምን ታነሳዋለህ?»

«እየፈተንሽኝ መሆንሽን አውቅ ነበራ። በመስኮቱ ስታዪኝ አይሻለሁ።» ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ ይመስላል። «አላነሳም ብል ሰነፍ ልባል ነው። ሳነሳው ደግሞ ደህና ነው ትያለሽ። ሁለቱም ያው ነው፣ እንግዲህ ቢያንስ ውሃ ይኑርሽ አልኩ።»

«እና ለምን አልሄድክም? እንዲህ እያየሁህ ለምን ተቀመጥክ?»

ጋሹ ቆመ። «አለሙ ከዓመት በፊት ዋጃ ና ብሎኛል። የመስኖ እርሻ ይቆጣጠራል፣ ቲማቲሙና ሽንኩርቱ ላይ ውሃ የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው ይፈልጋል፤ ትከሻ የማይጠይቅ ሥራ ነው። ብሄድ ግን ምን ትዪ ነበር? ውሸቱ ሲታወቅበት ሸሸ። ደሳለኝም እንደዚያው። እንደ ውሸታም ከእህቴ ቤት አልወጣም ብዬ ነው የቆየሁት። ለዚያ ልጅ በጥቅሻ ይንገሩኝ ስትዪው ሰምቻለሁ፤ ጣውላው ስስ ነው። ይኸው ነገረሽ። አሁን መሄድ እችላለሁ።»

ቤት ሲደርሱ የምሳው ሰው ሞልቷል። ቅድስት ትሪ ይዛ ቆማ ዓይኗ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሄዳል። ደሳለኝ ከጠረጴዛው «እህሳ ጋሹ፣ ሾኩ አስጮኸህ?» ብሎ ሲስቅ አብረውት የተቀመጡት ሾፌሮች ሳቁ። አልማዝ ወደ ጠረጴዛው ሄደች፤ ገና ያልተጋመሰውን ተጋቢኖ ከነሸክላው ከፊቱ አነሳች። «ሌላ ቦታ ብላ» አለችው። ደሳለኝ ቀልድ መስሎት ጠበቀ፤ ፊቷን ሲያይ ባርኔጣውን ፈልጎ ወጣ። ጋሹ ግን ይህን አላየም፤ ወደ ጓሮ አልፎ ነበር። ሲመለስ አንድ የቆየ የስፖርት ቦርሳ በግራ ትከሻው አንጠልጥሏል። የአራት ዓመት ኑሮ ያንን ቦርሳ አልሞላውም።

መናኸሪያ ድረስ ተከተለችው። «ብላና ሂድ» አለችው፣ «አልራበኝም» አላት። «ነገ ጠዋት ሂድ» አለችው፣ «መኪናው አሁን ነው» አላት። የዋጃው ሚኒባስ ሞተሩን አስነስቶ ረዳቱ «ዋጃ! አላማጣ!» እያለ ይጣራል። ቦርሳውን ልትቀበለው እጇን ዘረጋች፤ ቅድም ሸሚዙን እንደከለከላት ይከለክለኛል ብላ ነበር። ትንሽ አመንትቶ ሰጣት። ቀሊል ነው። እሱ ሲሳፈርና መስኮት አጠገብ ሲቀመጥ ይዛው ቆየች፣ ከዚያ በመስኮቱ አቀበለችው።

«ሕክምናውስ?» አለችው። «ማክሰኞ አለህ።»

«እመጣለሁ። ከዋጃ መኪና ሞልቷል።»

«ምሳ አዘጋጅቼ...»

«ክሊኒኩ ነው የምመጣው፣ እታለም። ቤት አልመጣም። ለጊዜው።»

ረዳቱ በሩን ዘጋ። አልማዝ የመስኮቱን ጠርዝ ያዘች። ይቅርታ የሚለውን ቃል አፏ ላይ ብታገኘው ትለው ነበር፤ የመጣላት ሌላ ነው። «እንግዲያው እኔም እመጣለሁ» አለች። «አልገባም። አላይህም። አንተ እስክትወጣ በሩ ላይ ነው የምቆመው።»

ሚኒባሱ ወደ ኋላ አለ፣ ዞረ፣ አፍንጫውን ወደ አስፋልቱ አቀና። አልማዝ እጇን ከመስኮቱ አንስታ ወደ ኋላ ተመለሰች። መኪናው ሊወጣ ሲል ጋሹ አንገቱን በመስኮቱ አወጣ።

«በሩ ላይ ፀሐይ ነው» አለ ጮክ ብሎ። «ከጥላው ቁሚ።»